ከፊት ያለው ጥላ

ተዝናንቶ መጓዝ የማይሆንለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አለኝ፤ ጓደኛዬ ነው፤ መኪናውም የእሱ ነው። ባለፈው ጥቅምት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ «እስከ ባምባሲ ቀስ እያልን እንሂድ፤ ጥሩ ጥላ ስናገኝ ምሳችንን እንበላለን» አለኝ። ሚስቱ የቋጠረችልንን ጨጨብሳ ጭኔ ላይ አድርጌ ተነሳን።

ከአሶሳ እንደወጣን ጥላ ተገኘ። «ከፊት የተሻለ አለ» ብሎ አለፈው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ለመሆኑ የማንጎ ጥላ ከማንጎ ጥላ በምን ይበልጣል?

አንድ ትልቅ ማንጎ ሥር በቆሎ የሚጠብሱ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱልን። ቆምን፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም።

«ኑ ልጆቼ፣ ቁጭ በሉ፤ እሸት ነው» አሉን።

«ስንመለስ አባባ፣ ኢንሻአላህ» አለና ነዳው።

ባምባሲን አንድ ጊዜ ዞርናትና ተመለስን፤ አሁን ደግሞ ከፊት ያለው አሶሳ ነው። ሽማግሌው ሁለት በርጩማ አውጥተው፣ የጠበሱትን በቅጠል ሸፍነው፣ መንገድ መንገዱን ያያሉ። ጓደኛዬ ጡሩምባ ነፍቶ ሰላም አላቸውና አለፈ።

ምሳውን የበላነው እሱ ቤት በር ላይ፣ መኪናው ውስጥ ነው። «የሽማግሌው ጥላ ነበር ጥላ» አለኝ፣ የደረቀውን ጨጨብሳ እያላመጠ።

ሰሞኑን ደውሎ «ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ላይ የተሻለ ጥላ አለ አሉ» ሲለኝ፣ ስልኩን ሳልዘጋ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። እናንተ ፊት እሱን አማሁት እንጂ፣ ሽማግሌውን ስናልፍ እኔስ መቼ ቁም አልኩት? ዓይኔ ቀጣዩ ዛፍ ላይ ነበር።