በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ

ባለቤቴ ሰናይት ልጃችንን በወለደችበት ቀን ሞተች።

ሰው ሐዘንተኛ ቤት ሲገባ የሚለውን ያውቃል። አራስ ቤት ሲገባም ያውቃል። ሁለቱ አንድ ቤት ሲሆኑበት ግን ጉድ ይፈላል። እኛ ቤት የሚመጣው ሰው ሁሉ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆሞ ፊቱን ያስተካክላል። አንዷ ጎረቤታችን «እንኳን ማርያም...» ብላ ጀመረችና «...እግዜር ያጥናችሁ» ብላ ጨረሰች። አልተቀየምኳትም። እኔስ በየትኛው ፊቴ እንደምውል መቼ አውቄ?

ከዚያ ደግሞ የቀኑ ነገር አለ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ለሟችም በሰማንያ ቀን ጸሎት ተደርጎ ሰው ይበላል። እናትና ልጅ በአንድ ቀን ሲተላለፉ ሁለቱ ሰማንያዎች አንድ ቀን ላይ ይውላሉ። አዳማ ውስጥ ድንኳን የሚያከራየው ሰውዬ «ለሐዘን ነው ለደስታ?» አለኝ። «ለሁለቱም» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ነጩን ልስጥህ» አለ። በዚያ ሰሞን ካገኘሁት ሰው ሁሉ ሳይደናገር የመለሰልኝ እሱ ብቻ ነው።

ቀኑ ሁዳዴ ውስጥ መዋሉን ሰናይት ቀድማ አውቃለች። ሴት እንደምንወልድ ተነግሮን ስለነበር ካላንደሩን ከግድግዳ አውርዳ፣ በጣቷ ቆጥራ፣ «ክርስትናዋ ጾም ላይ ነው፤ ሥጋ የለም» አለች። ወዲያው ባቱ ላሉት አባቷ ደወለች። «አባባ፣ የድግሱ ዓሣ ካንተ ነው። ግን በመንጠቆ! ከንፈሩን አያለሁ» አለቻቸው። እሷ «አንተ» ትላቸው ነበር፤ እኔ እስከ ዛሬ «እርስዎ» ላይ ነኝ።

እሳቸውም ማሉላት። ስልኩ ክፍት ስለነበር ሰምቻለሁ። «በመንጠቆ ነው የማመጣው፣ ሰናይት ትሙት!» አሉ።

ሁላችንም በቀን አሥር ጊዜ የምንለው ነው። ሻይ ልጋብዝህ ለማለት እንኳ «እገሌ ይሙት» እንላለን። ማን ልብ ይለዋል? እሷም ሳቀች። ከቀብሯ ወዲህ ግን አባባ በማንም ሲምሉ አልሰማሁም። ያችን አንዷን መሐላ ለመፈጸም ብቻ ሰማንያ ቀን ጠበቁ።

ስለ እሳቸው ትንሽ ልንገራችሁ። ስማቸው ደምሴ ነው። ትራክተር ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። አርባ ዓመት ሙሉ ባቱ ሐይቅ ዳር በሚበቅለው ፊላ ውስጥ የሸምበቆ ዘንግ ይዘው ተቀምጠዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ዓለም ብዙ ነገር ደርሰውበታል። ለምሳሌ ሰው ስልክ የሚያወራው ብቻውን መቀመጥ ስለሚፈራ ነው ይላሉ። ባጃጅ ነጂ ሁሉ ሁለት ቀን ዓሣ ቢያጠምድ በአገሩ ጥሩምባ የሚነፋ ይጠፋል ይላሉ። ዓሣ የጾም ነው አይደለም ለሚለው ክርክርም መልስ አላቸው። እሳቸው ራሳቸው በሁዳዴ ዓሣ አይቀምሱም፤ «መያዙ የጾም ነው፣ መብላቱን አላውቅም» ይላሉ። የንስሐ አባታቸው ሳይቀሩ በዚህ መልስ ዝም ብለዋል።

በመረብ የተያዘ ዓሣ ግን ለእሳቸው ዓሣ አይደለም። ከድር የሚባል የአርሲ ልጅ በዚያው ዳር በመረብ ያጠምዳል። አባባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አንተ ጠራጊ ነህ እንጂ አጥማጅ አይደለህም» ሲሉት ኖረዋል። ታዲያ ሰናይት ልጅ ሳለች አንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ከመግባት ብለው የከድርን ዓሣ ይዘው ገቡ። ልጅቱ ዓሣውን አገላብጣ «ቀዳዳው የታለ?» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ እስክታገባ ድረስ ከንፈሩን ሳታይ አልበላችም። እኔንም ከማግባቷ በፊት በዚያው ዓይን አገላብጣ ያየችኝ ይመስለኛል።

ድግሱ እሑድ ነበር። ቅዳሜ ከሥራ አስፈቅጄ ዓርብ ማታ ባቱ ገባሁ። ልጄን ለእናቴ ትቼ፣ ዓሣ መያዣ እንዲሆነን ከቤት ትልቁን ሳፋ ይዤ ነበር። ሮዝ ነው። ገና ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት አልተላጠም። ለምን አዲስ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጠዋት ፊላው ውስጥ እንደተቀመጥን እናቴ ደወለች። የልጅቷ መታጠቢያ ሳፋ የት ገባ? ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በምን ልትታጠብ ነው? አባባ በእጃቸው «ዝጋው» አሉኝ። ዘጋሁት። እናቴን ስልክ የዘጋሁባት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

አምስት አባ ኮዳዎች ከኋላችን ቆመዋል። ይህ ወፍ አንገቱን ወደ ትከሻው ቀብሮ፣ ጥቁር ካፖርቱን ደርቦ ሲቆም ለቀብር መጥቶ ንግግሩ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ሹም ይመስላል። አባባ ዞር ብለው አዩዋቸውና «እነዚህ እንኳ መጥተዋል» አሉ። ከቀብሯ ወዲህ የቀለዷት የመጀመሪያ ቀልድ ነች።

ሠላሳ ዓሣ ያስፈልገን ነበር። «ድሮ በቀን አርባ አወጣ ነበር» ይላሉ አባባ፤ እንግዲህ የአጥማጅ ቁጥር ነው። ቢሆንም እጃቸውን ሳይ አመንኩ። እኔ ልብስ ፋብሪካ ማሽን ነው የምጠግነው፤ ጥሩ እጅ አውቃለሁ። ክሩ ሳይነቃነቅ ያውቃሉ። «መጣ» ይላሉ፣ ይመጣል። ረፋድ ላይ ቆሮሶ ከሚባለው ዓሣ አሥራ አንድ ከሳፋው ጎን ጆንያ ውስጥ ገብቶ ነበር።

አሥራ ሁለተኛዋ ከሁሉም ትልቅ ነበረች። አባባ ስትወጣ አይተው «አይ!» አሉ። መንጠቆው አፏን አልያዛትም፤ ከክንፏ ሥር ነው የገባው። ከንፈሯ ደህና ነው። «ይቺ እኮ አትበላም፤ ልጅ ይዛለች» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። «ሳፋውን! ውኃ ሙላበት!» ብለው ጮሁብኝ። ዓሣ ያስደነግጣል ብለው ሳል የሚከለክሉ ሰውዬ ጮሁ።

ሳፋው ውስጥ አስገቧት። አፏን ከፈተች። ከአፏ ውስጥ ዓይን ያላቸው የስንዴ ቅንጣቶች የሚመስሉ ትንንሽ ዓሦች ፈሰሱ። በጣም ብዙ። በሮዙ ሳፋ ውስጥ ተበተኑ። ይህ ዓሣ እንቁላሉን በአፉ ይዞ ነው የሚፈለፍለው አሉኝ አባባ። ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ በአፏ ትሸሽጋቸዋለች። እስኪጠነክሩ ድረስ እህል አትቀምስም።

ሳፋው ላይ ጎንበስ ብለን አየን። እሷ ታችኛው ጥግ ሄዳ ቆመች። ውኃው ረጋ። ከዚያ ትንንሾቹ አንድ ጊዜ መለስ አሉና ወደ ፊቷ ተሰበሰቡ። አፏን ከፈተች። ገቡ። ተራ የሚጠብቁ ይመስላሉ። የመጨረሻው ዘግይቶ፣ አንድ ጊዜ ዞሮ፣ እሱም ገባ። አፏ ተዘጋ። ሳፋው ውስጥ አንድ ዓሣ ብቻ ቀረ።

እኔ ተንበርክኬ ነበር፤ መቼ እንደተንበረከኩ አላውቅም። አባባ ኮፍያቸውን አውልቀዋል። «አርባ ዓመት ሲተፉ ነው ያየሁት። መሬት ላይ ይተፉና ይሞታሉ። ሲመለሱ አላየሁም» አሉኝ። እኔም ስንት ቀን ሳትበላ ትቆያለች አልኳቸው። «እንደ ጉልበቷ ነው» አሉ። ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉና «አንዳንዷ አትችለውም» አሉ። ሁለታችንም ስለ ዓሣ ነበር የምናወራው።

ሳፋውን አቅፈው ጫማቸውን ሳያወልቁ እስከ ጉልበታቸው ሐይቁ ውስጥ ገቡ። ቀስ አድርገው አዘነበሉት። ወጥተው ክራቸውን መጠቅለል ጀመሩ።

እኔ ሞኙ ቁጥር ውስጥ ገባሁ። ገና አሥራ አንድ ነው፣ ሌላ ቦታ እንሞክር አልኳቸው። «እዚህ ዳር ልጅ የያዙ አሉ» አሉኝ። ራቅ እንበላ አልኩ። «እዚያም አሉ።» ታዲያ መሐላውስ? ይህን መጠየቅ አልነበረብኝም። ክሩን ጠቅልለው ጨረሱ። ከዚያ «አውቃለሁ» አሉ፤ ዘንጋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በቀጥታ ወደ ከድር ጀልባ ሄዱ።

«አካም ጅርታ፣ ከድር?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቱን ጠየቁት። ከድር ዘንጉን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ሳቁ አመለጠው። «ኦቦ ደምሴ፣ መንገድ ጠፋዎት እንዴ? አጥማጆች ወዲያ ናቸው፤ እዚህ እኮ ጠራጊ ነው ያለው!» አላቸው። አባባ «ልክ ነህ። አሥራ ዘጠኝ ዓሣ ፈልጌ ነው። ለነገ ነው» አሉት። ከድር ነገ ምን እንደሆነ ያውቃል። በሰናይት ቀብር ላይ አፈር የመለሰ ሰው ነው። ሳቁን ዋጠው። ጎንበስ ብሎ እኩል እኩል የሆኑትን መርጦ ሳፋው ውስጥ አስገባልንና በረዶ ጨመረበት። «ማንም ቢጠይቀኝ ዛሬ አላየሁዎትም» አለ። አባባ ግን የእያንዳንዱን አፍ በአውራ ጣታቸው ከፍተው ያዩ ነበር። ባዶ ነው። ቢሞላስ ምን ያደርጋሉ? የሞተ ነው።

እሑድ በነጩ ድንኳን ውስጥ ቄሱ ለአንዷ የሰላም ዕረፍት፣ ለአንዷ ዕድሜ ለመኑ። ሰው በላ። የእናቴ የአክስት ልጅ የሆኑ አንድ ሰውዬ ጣታቸውን እየላሱ «የመንጠቆ ዓሣ እኮ ያስታውቃል! የመረቡማ ጭቃ ጭቃ ይላል» አሉ። እጃቸው ላይ የነበረው የከድር ዓሣ ነው። ሌላውም እውነት ነው አለ። አባባ ሽሯቸው ላይ አቀርቅረው ቀሩ። ልጄ በሮዙ ሳፋ ታጠበች። እናቴ በሎሚ አምስት ጊዜ ፈትጋዋለች፤ ለእኔ ግን አሁንም ሐይቅ ሐይቅ ይሸተኛል። ማታ ማታ ሳጥባት አፏን ስትከፍት ሥራዬን አቁሜ አያለሁ።

ግን አንድ ነገር ዘልያለሁ። ቅዳሜ ዕለት ከከድር ዘንድ ስንመለስ መኪና እስክንይዝ ጊዜ ነበረን። አባባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሳፋውን ጉልበታቸው መሃል አስገቡ። በመንጠቆ የተያዙት አሥራ አንዱ ጆንያው ውስጥ ናቸው። የከድሮቹን ከበረዶው ውስጥ አንድ አንድ አወጡ። መንጠቆውን ከክሩ ፈትተው ያዙና የመጀመሪያውን ዓሣ የላይኛውን ከንፈር በሱት። ቀጥሎ ሁለተኛውን። አልቸኮሉም። እኔ ሳፋውን እንዳይንሸራተት ያዝኩላቸው። አሥራ ዘጠነኛውን ከበሱ በኋላ ወደ ብርሃን አንሥተው አዞሩልኝና «ይታያል?» አሉ። «ይታያል» አልኳቸው።

መንጠቆውን በሸሚዛቸው ጠረጉና ኮፍያቸው ላይ ሰኩት።