ልጄ ወጋችኝ

በ1988 ዓመተ ምሕረት የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ። መርፌ የማይፈራ ወንድ እስከዚያ ዓመት ድረስ አላየሁም፤ ከዚያ ወዲህም አላየሁም። አለ የምትለኝ ከሆነ፣ ሱሪውን ይዞ ተራ ሲጠብቅ ፊቱን አይተኸዋል? እኔ ባሮ ወንዝ ውስጥ እስከ ወገቤ ገብቼ ዓሣ በጦር የምወጋ ሰው ነኝ። አዞ ከታንኳዬ ሥር ሲያልፍ እያየሁ መቅዘፌን አላቆምኩም። ያቺ ቀጭን ብረት ከፈላ ውሃ ውስጥ ስትወጣ ሳይ ግን በሩ የት ነው እላለሁ። ይሄ ምስጢር ነው፤ ብትናገርም ለሚስትህ ብቻ ተናገር።

ስልሳ አንድ ያልኩት ቀበሌው ስላለ ነው። መታወቂያ ሲሰጡን ጸሐፊው መቼ ተወለድክ አለኝ። ባሮ ሞልቶ የወጣ ጊዜ አልኩት። ባሮ ደግሞ ሞልቶ ያልወጣበት ዓመት የለም። ልጁ ፊቴን አየት አደረገና ስልሳ ብሎ ጻፈ። ያ በ87 ነው፤ አንዱን አንተ ጨምርበት።

ያኔ ክልል ከሆንን ገና ነው። ቢሮው ሁሉ ቀለም ቀለም ይሸታል። ማህተሙም አዲስ ነው፤ አዲስ ማህተም የያዘ ሰው ደግሞ ካልመታበት እንቅልፍ አይወስደውም። ታዲያ አንድ ቀን ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ አሥራ ሁለተኛ የጨረሱ የአካባቢው ልጆች ተመርጠው፣ ወደ ደጋ ወጥተው፣ ጤና ረዳትነት ተምረው ይመለሱ የሚል። ልጄ አጁሉ ከኔ ቀድማ አነበበችው። ከኔ ቀድሞ ማንበብ እንኳ ጉብዝና አይደለም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አንድ መስመር መጨረስ ለኔ ታንኳ ሽቅብ እንደ መቅዘፍ ነው። እሷ ግን ቁልቁል ነው የምትወርደው።

አጁሉ ይሄን ሥራ የተመኘችው ዝም ብላ አይደለም። አንድ ቀን ጎረቤታችንን ጤና ጣቢያ ይዛ ሄዳ ወረፋ ላይ ቆማለች። ከጎግ የመጣች አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ ገባች። በአኝዋክኛ፣ የልጄ ትንፋሽ አካሄዱ ተበላሸ ትላለች። አማርኛ ስለማትችል የሚያስተረጉምላት በር ላይ የተቀመጠው ዘበኛ ነው። ዘበኛው ትንፋሹን ትቶ አካሄዱን ብቻ ወሰደና “የልጇ አካሄድ ተበላሽቷል” ብሎ ተረጎመ። ነርሷ ሲስተር የሺ ምን ታድርግ፤ ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን እግር አገላብጣ ማየት ጀመረች። ሕፃኑ እዚያው እያቃሰተ ነው። ይሄኔ ልጄ ወረፋውን ጥሳ ገብታ “እግሩን አይደለም፤ መተንፈስ አቅቶታል” አለች። ሕፃኑ ተረፈ። አጁሉም ማታ እራት ሳትበላ፣ እኛ ጋ ሰውን በሽታ ብቻ ሳይሆን አስተርጓሚም ይገድለዋል አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጤና ጣቢያ ነው የምትውለው።

ፎርሙን ይዛ ስትመጣ ሁለት ነገር ጎድሎት ነበር፦ የአባት ፊርማ፣ እና የቀበሌ ማህተም ያለበት የመልካም ፀባይ ወረቀት።

አልፈርምም አልኩ። የኔ ልጅ ሰው ስትወጋ አትውልም አልኩ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ ምክንያቴ ግን እሱ አይደለም። መርፌ ነው። እሱን ያዝልኝ፤ መርፌ ነው።

አጁሉ አትከራከርም። “እሺ አባባ” አለችና ፎርሙን አጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችው። እኔ እኮ የሚከራከር ሰው እወዳለሁ፤ እሺ የሚል ሰው ነው የሚያስፈራኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሲስተር የሺ በሰጠቻት አሮጌ መርፌ ማንጎ ስትወጋ ከረመች። ማንጎው ውሃ በውሃ ሆነ። አንዱን ሳላውቅ ገመጥኩትና አፍንጫዬ ውስጥ ረጨብኝ... ጋምቤላ ተወልጄ አርጅቼ ማንጎ ሲተፋብኝ የመጀመሪያዬ ነው።

በሳምንቱ መጨረሻ፣ ልጆቹን ወደ ደጋ የሚወስደው መኪና ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እኔ አሁንም አልፈረምኩም። ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ግን አንድ አምባዛ የሚሉት ዓሣ ከመረቤ ሳወጣው በክንፉ እሾህ እግሬን ወግቶኝ ነበር። ዝም አልኩት፤ እግሬ ግን ዝም አላለም። ፓፓያ አክሎ አደረ። አጁሉ ጠዋት አየችውና ምንም ሳትናገር ክንዴን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ሲስተር የሺ የጎጃም ሰው ናት፤ ቁጣዋ አጭር፣ እጇ ፈጣን። እግሬን ዳሰሰችና ፔኒሲሊን፣ በቀን አንድ፣ ለሦስት ቀን ብላ ፈረደችብኝ። ክኒን የለም ወይ አልኳት። ለዚህ እግር ክኒን የለም አለች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ፣ እኔ አጠገብሽ ነኝ፣ አንቺ ስጪው አለቻት። እኔ ማንም አይሰጠኝም ብዬ ሳልጨርስ አልጋው ላይ በሆዴ ተኝቻለሁ፤ ሲስተሯ ትከሻዬን ይዛለች።

አጁሉ በኛው ቋንቋ “አባባ፣ አምና ያመለጠህ ናይል ፐርች ዓሣ ስንት ክንድ ነበር?” አለችኝ።

ዓሣ አጥማጅ ይሄን ተጠይቆ ዝም ማለት ይችላል? ከጭንቅላቱ ጀምሬ መለካት ያዝኩ። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ... ጭራው ላይ ሳልደርስ “አለቀ” አለችኝ። የምን አለቀ፣ ጭራው ቀርቷል አልኳት። መርፌው ነው ያለቀው አለችኝ።

ሲስተር የሺ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ አመመኝም አላልኩ፤ አላመመኝምም አላልኩ። ሱሪዬን አሰርኩና ወጣሁ። በሆዴ ግን ምን እንዳልኩ ልንገርህ፦ ይቺ ልጅ እጅ አላት። ዛሬ ማታ እፈርምላታለሁ።

ጥፋቱ የተጀመረው መንገድ ላይ ነው። በአንድ እጄ ኋላዬን ይዤ እያነከስኩ በገበያው በኩል ሳልፍ ወጣት ፖሊስ አስቆመኝ። ከደጋ ከመጣ ሳምንት አልሞላውም፤ በላብ ተነክሯል። ትሁት ልጅ ነው፤ እርስዎ ይለኛል። እኔ አማርኛን የተማርኩት ገበያ ውስጥ ነው፣ ሁሉንም አንተ ነው የምለው። አንዱን ሽማግሌ እንደ ብዙ ሰው ሲያናግረኝ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን አለ ብዬ አየሁ።

“አባባ፣ ምን ሆነው ነው?”

“ልጄ ወጋችኝ።”

“ልጅዎ? በምን?”

“በብረት። ቀጭን ናት፤ ግን ጠልቃ ትገባለች።”

“የት ላይ?”

“ከኋላ። ታዲያ በፊት በኩል ይወጋል እንዴ?”

ደብተር አወጣ። ይሄኔ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ልጆቹን ለትምህርቱ እየመረጡ አይደል? መንግሥት ስለ አጁሉ እያጣራ ነው አልኩ። ስለ ልጅ ሲጠየቅ ደግሞ አባት ጥሩ ጥሩውን ይናገራል። ደረቴን ነፋሁ።

“ብቻዋን ነበረች?”

“አንዲት ትልቅ ሴትዮ ትከሻዬን ይዛላታለች። የወጋችው ግን እሷ ብቻዋን ናት።”

“በድንገት ነው ወይስ አስባበት?”

“ምን በድንገት! ሳምንት ሙሉ ማንጎ ላይ ስትለማመድ ነበር።”

“ደም ፈሷል?”

“ጠብታ። እሱንም ወዲያው ጠርጋዋለች፤ ንጹሕ ልጅ ናት።”

“ሌላ ያለችው ነገር አለ?”

“ነገም ከነገ ወዲያም ትወጋለህ ብላኛለች።”

ልጁ ላቡን ጠረገ። ከዚያ “ልጅቷ በሕግ እንድትጠየቅ ይፈልጋሉ?” አለኝ።

“ጠይቋት” አልኩት። “የፈለጋችሁትን ጠይቋት፣ ሁሉንም ትመልሳለች። ከክፍሏ አንደኛ ናት።”

ጣቢያ ወስዶ በንጹሕ ወረቀት ገለበጠውና ይፈርሙ አለኝ። ማንበብ ይገባኝ ነበር። ግን ሙሉ ገጽ ነው፣ ቀኑ ሞቃት ነው፣ እኔ ደግሞ ሽቅብ ቀዛፊ ነኝ። የስሜን ሦስት ፊደል፣ ኦ... ሞ... ድ... አሳምሬ ጻፍኩና እንደ ሙሽራ አባት እየተንጎራደድኩ ቤቴ ገባሁ።

“ፈረምኩልሽ” አልኳት አጁሉን።

“የት?”

“ፖሊስ ጣቢያ።”

ቀስ ብላ መጽሐፍ ቅዱሷን ከፈተች፤ ፎርሙን አወጣች፤ ፊቴ ላይ ያዘችው። የአባት ፊርማ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ሁለታችንም ተነሳን፤ አንዱ እያነከሰ።

ጣቢያው ደርሰን የሰጠሁትን ቃል ልጄ ራሷ አነበበችልኝ። ምን ዓይነት ጽሑፍ መሰለህ... ግብረ አበር አላት፤ አስቀድማ ተዘጋጅታለች፤ ማስረጃ አጥፍታለች፤ ለቀጣይ ቀናትም ዝታለች። ታች ላይ የኔ ሦስት ፊደል ቁጭ ብላለች። እኔ እንኳ ስሰማው አሰሯት ልል ምንም አልቀረኝ። አጁሉ አልሳቀችም። ወረቀቱን አስቀመጠችና “አባባ፣ ይሄ እያለ የቀበሌው ሊቀመንበር የፀባይ ወረቀቴ ላይ ማህተም አይመታልኝም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። መኪናው ነገ ጠዋት ነው” አለች። አሥር ሰዓት አልፏል።

ለፖሊሱ ነገሩን አስረዳችው። በእናንተ አማርኛ እኮ ጦርም ይወጋል መርፌም ይወጋል፤ ለሁለቱ አንድ ቃል ሰጥታችሁ እኔን ምን አድርግ ትሉኛላችሁ ብዬ እኔም ጨመርኩበት። ልጁ እንደ መሳቅ ቃጣውና ተወው። ተፈርሟል፣ መዝገብ ላይ ወጥቷል፣ ዝም ብዬ አልቀድደውም አለ። ቁስሉን በዓይኔ አይቼ ያየሁትን እጽፋለሁ አለ።

አጁሉን ውጪ አስቀረናት። እኔም በስልሳ አንድ ዓመቴ ለመንግሥት ሱሪዬን ፈታሁ።

“በቀኝ ነው በግራ?” አለኝ።

“እኔ በዚያ በኩል ዓይን አለኝ እንዴ? ፈልገው።”

ጎንበስ አለ። ወደ መስኮቱ አዞረኝ። ባትሪም አበራ። “አባባ፣ ምንም የለም” አለኝ።

“እንዴት የለም? ወግታኛለች እልሃለሁ።”

ግትርነቴ ልጄን ሊያስቀርብኝ እንደሆነ የገባኝ ከበሩ ውጪ ድምጿን ስሰማ ነው። “በደንብ ከተሰጠ ምልክት አይተውም” አለች። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ያልኩበት ቀን ጥቂት ስለሆነ ቀኑን አስታውሰዋለሁ።

ፖሊሱ ተቀምጦ ጻፈ፦ “ተጎዳሁ ባዩ ተመርምረው ምንም ዓይነት ቁስል አልተገኘባቸውም።” ማህተም መታበት። እየበረርን፣ ማለት አጁሉ እየበረረች እኔ እየተንጠለጠልኩ፣ ቀበሌ ደረስን። ሊቀመንበሩ ማህተሙን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ቁልፉን ይዟል። የፖሊሱን ወረቀት ቆሞ አነበበ፤ ተቀምጦ ደገመው። “ይሄ የፀባይ ማስረጃ ነው ወይስ የሙያ?” አለ። ማህተሙን አወጣና የአጁሉን ወረቀት መታላት። አዲስ ማህተም ነው፣ አንዴ አልበቃውም፣ ደገመው።

እኔም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ፎርሙን ፈረምኩ። የመጨረሻዋ ፊደል እግሯ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ጠረጴዛው ነው፤ አንድ እግሩ አጭር ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ገና ፀሐይ ሳትወጣ መኪናው የሚነሳበት መናኸሪያ ሄድን። ሁለተኛው መርፌ የዚያን ቀን ነው። ሲስተር የሺ ቤቷ እዚያው አጠገብ ስለሆነ የተቀቀለችውን መርፌ በብረት ሳጥኗ አዘጋጅታ ጠበቀችን። እኔ ልስጥህ አለችኝ፤ እምቢ አልኳት። ሹፌሩ ጡሩምባውን ሦስት ጊዜ ነፋ፤ ይንፋ። አጁሉ በሲስተሯ ጓዳ ሰጠችኝ። ስለ ዓሣው አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልለካሁም። ከዚያ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ተሳፈረች። መኪናው የባሮን ድልድይ ተሻግሮ አቧራው ብቻ እስኪቀር ቆሜ አየሁት።

ሻይ የምትሸጠዋ ሴት ዓይንህ ምን ሆኖ ነው የቀላው አለችኝ።

“ልጄ ወጋችኝ” አልኳት።

ያ ፖሊስ ለካ አጠገቤ ቆሞ ሻይ እየጠጣ ነው። ሰማኝ። እጁ ወደ ደብተሩ ሄደ፤ አቧራውን አየ፤ እኔን አየ፤ እጁን መለሰ።

“ከኋላ ነው ከፊት?” አለኝ።

“ዛሬስ ከሁለቱም ነው” አልኩትና ሻይ አዘዝኩ። ቆሜ ጠጣሁት። መቀመጥማ እንዴት ተደርጎ!