ዳንቴል ሲያዩ እናታቸው ትዝ የምትላቸው ሰዎች

ልደታ ባዛር ላይ የኪሮሽ ሥራዬን ዘርግቼ የምጠብቀው ገዢ ነው፤ የሚመጣልኝ ግን ለቀስተኛ ነው። ዳንቴል ባየ ቁጥር እናቱ ትዝ የምትለው ሰው እናንተን አላጋጠማችሁም?

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ የሶፋ ዳንቴሌን አንስቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልክ እንዲህ ነበር የምትሠራው" አለኝ።

ድንኳኔ ለሐዘን የተተከለ እስኪመስል ድረስ አለቀሰ። ጎረቤት ሻጮች "እግዜር ያጽናህ" ሊሉት ዳድቷቸው ነበር። እኔም ሶፍት አቀበልኩት።

"የእሳቸው ሥራ ታዲያ አሁን የት አለ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ሶፋ ስንቀይር ጣልነው" አለና ዳንቴሌን መልሶ አስቀመጠ። "በርቺ" ብሎኝም ሄደ።

አመሻሽ ላይ ጌጃ ሰፈር ቤቴ ስገባ፣ ልጄ በሠራሁት ዳንቴል ቴሌቪዥኑን ስትወለውል አገኘኋት። ግድ የለም፤ አንድ ቀን ባዛር ላይ ታለቅስልኛለች።