ሲያዩት ግራ፣ ሲነኩት ቀኝ

ከአለቃ ሁሉ ክፉው የሚቆጣው እንዳይመስላችሁ። ክፉው በችሎታችሁ የሚተማመነው ነው! የሚቆጣ አለቃ ቢበዛ ያስለቅሳችኋል። የሚተማመንባችሁ ግን… ሐውልት ያሠራችኋል።

እኔን አሠርቶኛል። ዘመኑ የደርግ ነው። ከአዲስ አበባ ተመድቤ ሮቤ ላይ ሥዕል አስተምር ነበር። ሮቤ ያኔ የዛሬዋ ሮቤ አልነበረችም። ዋናው ከተማ ጎባ ነው፤ ትልቁ ቢሮም፣ ትልቁ አለቃም፣ ትልቁ እስር ቤትም እዚያ። ለእኛ የተረፈን ገበያው፣ የጋሪ ፈረሱና ጭቃው ነው። ብርዱ ብቻ ለሁለታችንም እኩል ይዳረስ ነበር።

የወረዳችን ካድሬ ጓድ ደምሰው ይባላል። አንድ ቀን ክፍሌ ገባና ሰሌዳው ላይ የሣልኩትን በሬ አየ። በሬው፣ ራሴን ላመስግንና፣ ጥሩ በሬ ነበር።

“እጅህ ወርቅ ነው!” አለኝ።

በዚህ ቃል ያልቀለጠ ሰው ካለ ያሳዩኝ። “ኧረ ጓድ፣ ተራ ነገር ናት…” አልኩ እየተሽኮረመምኩ።

“እንግዲያው ለአብዮት በዓል ገበያው መሃል ሐውልት ትሠራልናለህ። መሬት ላራሹን የሚዘክር። ወደ ሰማይ የተነሣ የግራ እጅ ቡጢ! ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል።”

“ጓድ፣ እኔ እኮ ወረቀት ላይ ነው እንጂ ሲሚንቶ…”

“እተማመንብሃለሁ!”

አያችሁልኝ?

የሐውልቱ ሆድ በአፈር እንዲሞላ፣ አፈሩንም እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር ከገዛ መሬቱ እንዲያመጣ ታዘዘ። እውነት ለመናገር ሐሳቡ መልካም ነበር። ከሲናና መጣ፣ ከገሰራ መጣ፣ ከጎባ ዳገት መጣ። ችግሩ፣ አፈር ያመጣ ሰው አራግፎ አይሄድም፤ ቆሞ ያያል። “የገሰራ ከታች ሆኖ የሲናና ከላይ የሚሆነው በማን መመሪያ ነው?” የሚል ጠብ ተነሣ። ዱላ ሊማዘዙ ሲሉ ሐጂ ከድር የሚባሉ ጢማቸው በሂና የቀላ የሲናና ገበሬ አካፋ ተቀበሉና ሁሉንም አንድ ላይ አማሰሉት።

“በሉ፣ የራሱን ለይቶ የሚያውቅ ይምጣና ይውሰድ!”

ማንም አልመጣ። ጠቡ በዚያው አለቀ።

የእኔ ጠብ ግን ገና መጀመሩ ነው። በአፈሩ ጉብታ አናት ላይ ቡጢውን በሲሚንቶ ለመቅረጽ ስታገል ሰነበትኩ። ጣት ይሁን ስል ቅጠል ይሆናል። አውራ ጣት ስጨምርበት ጭራሽ ባሰበት። ገበያተኛው ከበበኝ።

“ኩን ማሊ?” አለ አንዱ። ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

“ጥቅል ጎመን ነዋ!” አለ ሌላው ሳያቅማማ።

“ጎመንም ተወረሰ እንዴ?”

ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ባሻ ዘነበ ሊያጽናኑኝ ብቅ አሉ። አያታቸው ከሰሜን መጥተው እዚህ የሰፈሩ፣ እሳቸው ግን ከአማርኛው ይልቅ በኦሮምኛው የሚረግሙ ደግ ሰው ናቸው። ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ “አይዞህ መምህር፣ ቅቤ ብቻ ነው የጎደለው” አሉኝ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ መዶሻ አነሣሁ። ጎመኑን አፍርሼ ከአፈሩ ጋር ቀበርኩት። የቀረው ሰው የሚያክል ጉብታ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ተራራ ይመስላል። እሱንም ሲሚንቶ ለስኜ፣ በዓሉ እየገሰገሰ፣ አናቴን ይዤ ተቀመጥኩ።

ይሄኔ አዴ ረህመት ደረሱ። “አዴ” በኦሮምኛ እንደ “እማማ” ነው፤ እሳቸው ገብስ ነጋዴ ናቸው። በመንደር ምሥረታው ጊዜ ከኖሩበት ቀዬ ተነሥተው፣ እንደ ወታደር ከተሰለፉት አዳዲስ ቤቶች አንዱ ደርሷቸዋል። ገብሳቸውን ተሸክመው ሲያልፉ ጭቃው አንሸራተታቸውና ላለመውደቅ እርጥቡን ሲሚንቶ ተደገፉት። መዳፋቸው ከነጣቱ፣ ከነመስመሩ ቁልጭ ብሎ ቀረ።

“ኧረ አዴ! አበላሹብኝ!”

እጃቸውን አዩ። ሲሚንቶውን አዩ።

“ምኑ ተበላሸ? ከሥሩ ያለው እኮ የድሮው ደጄ አፈር ነው፤ እኔው ነኝ ተሸክሜ ያመጣሁት። በገዛ ደጄ እጄን ባሳርፍ ማን ሊከሰኝ ነው?”

ሐጂ ከድር ይህን ሲሰሙ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና፣ “ቢስሚላሂ” ብለው የራሳቸውን መዳፍ ከጎኑ አሳረፉ። ባሻ ዘነበ አማትበው ሦስተኛ ሆኑ። ከዚያማ ምኑ ይወራል… ገበያው በሙሉ ተሰለፈ! እኔ እለስናለሁ፣ እነሱ ያትማሉ። እያንዳንዱም እጁ ያረፈበትን ቦታ ሰው እየጠራ ያሳያል፤ “ይሄ እኔ ነኝ፣ እዚያ ጋ ሚስቴ ናት!” ሕፃናት በእናታቸው እጅ ተይዘው አተሙ። አንድ ባለጋሪ የፈረሴን ኮቴ ካላሳተምኩ ብሎ ተጣላኝ። “እህሉን የሚያመላልሰው እሱ አይደለም እንዴ?” ይለኛል። ክርክሩ ውኃ የሚያነሣ ስለነበር በስተጀርባ በኩል አሳተምንለት።

ሐውልት ሠራሁ እያልኩ፣ በደስታ እየበረርኩ ለጓድ ደምሰው ልነግረው ሄድኩ። ሳይጠሩት አቤት ይሏል ይሄ ነው።

“የሰፊው ሕዝብ መዳፍ!” አለና ከወንበሩ ተነሣ። “ግሩም ነው! እንግዳው ይወደዋል። ሁሉም በግራ እጃቸው ነው አይደል?”

“በ… ግራ?”

“የአብዮቱ እጅ ግራ ነው! መፈክር ስናሰማ የምናነሣው የቱን ነው? ቀኝ ከሆነ፣ ጓድ መምህር፣ ጎባ ሄደህ ታብራራለህ።”

ጎባ ሄዶ ማብራራት ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን ለኖረ ሰው አልነግርም፤ ላልኖረው ደግሞ ባልነግረው ይሻላል። ማብራሪያው ይረዝማል፤ ይኸው ነው።

ተመልሼ ሽማግሌዎቹን ባሻ ዘነበ ሱቅ ሰበሰብኩና ትእዛዙን አስታወቅኩ። እባካችሁ እንደገና በግራ እናትመው ብዬ ለመንኩ።

ሐጂ ከድር ትክ ብለው አዩኝ። “ልጄ፣ በግራ እጅ የምንሠራውን ሥራ አንተም ታውቀዋለህ። እሱን እጅ ነው መሬቴ ላይ የምለጥፈው?”

“እኔም አላደርገውም!” አሉ ባሻ። “በፍርድ ቀን በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ ነው የሚቆሙት። በዚህ ዕድሜዬ ከፍየል ጋር አልሰለፍም!”

“እኛም ዘንድ በፍርድ ቀን የሥራውን መጽሐፍ በግራ እጁ የተቀበለ ወዮለት ነው” አሉ ሐጂ።

“አላልኩም?” አሉ ባሻ፣ የተናገሩት እሳቸው ይመስል።

ሁለቱ ተጨባበጡ። በቀኝ እጃቸው፣ እንግዲህ ምን ይደረግ! እኔ መሃላቸው ቀረሁ። ሌላው ሰው ግራ ገባኝ ሲል ለአባባል ነው፤ እኔን ግን ቃል በቃል ገባኝ።

ለዳግም ልስን የሚሆን ሲሚንቶ የለ፣ የሚያትም ሰው የለ። ጓድ ደምሰው ለፍተሻ መጣ። ጉብታውን ዞረው። አንዱን መዳፍ በጣቱ ጠቆመ።

“ይሄ የቱ እጅ ነው?”

ምን እንዳናገረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። “ጓድ፣ እስቲ ግራ እጅዎን ያንሡ። መዳፍዎን ወደ ራስዎ ያዙሩት። አውራ ጣትዎ በየት በኩል ነው?”

“በግራ በኩል።”

“ሲሚንቶው ላይ ያለውስ?”

ሲሚንቶውን አየ፤ እጁን አየ፤ እንደገና ሲሚንቶውን አየ። “በ… ግራ በኩል።”

“እንግዲህ!”

እናንተስ አላመናችሁም? ጋዜጣውን አስቀምጡና ሞክሩት። ቀኝ እጃችሁን ጭቃ ላይ ብታሳርፉ የሚቀረው ቅርጽ ልክ የግራ መዳፋችሁን ፊት ለፊት እንደማየት ነው። ፈጣሪ ለጭንቅ ቀን ያስቀመጣት ነገር ሳትሆን አትቀርም።

ጓድ ደምሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። “ድሮም እተማመንብሃለሁ!”

በዓሉ ደረሰ። ባንዲራ ተሰቀለ፣ መፈክር ተሰማ። እንግዳው ፊቱ እንደ ጎባ ጧት የማይፈታ ሰው ነው። ጓድ ደምሰው እያስጎበኘው፣ “ሁሉም የግራ እጅ ነው፣ ጓድ! አንድም ቀኝ የለበትም!” ይላል። እኔ ከኋላ ሆኜ፣ እባክህ እዚሁ ላይ ተው እላለሁ በሆዴ።

እንግዳው ግን ቆመ። የአንዱ መዳፍ ቅርጽ ሳበው መሰለኝ፣ ግራ እጁን አንሥቶ ገባበት።

አልገባም! አውራ ጣቱ ትንሿ ጣት ቦታ ላይ አረፈ። እጁን ጠመዘዘ። ክርኑን ወደ ላይ አደረገ። ጎንበስ ብሎ ከታች ሞከረ። የጓድ ደምሰው ፊት አመድ መሰለ። እኔ ጎባ ስሄድ የምይዘውን ብርድ ልብስ በሐሳቤ ማጠፍ ጀመርኩ…

ከሰልፉ ፊት አዴ ረህመት ወጡ።

“ልጄ፣ ያ እኮ የኔ ነው። አለቦታው እየገባህበት ነው!”

ማንም ሳይደርስባቸው የእንግዳውን ቀኝ እጅ አንጓው ላይ ያዙና ቅርጹ ላይ አኖሩት። ጣቶቹ አንድ በአንድ ቦታቸውን አገኙ።

“እንዲህ ነው። አሁን የድሮው ደጄ ላይ ነህ።”

እንግዳው እጁን ሳያነሣ ወደ ጓድ ደምሰው ዞረ። “ግራ ነው አላልከኝም?”

ጓድ ደምሰው ወደ እኔ ዞረ። እኔ የምዞርበት ሰው የለኝም።

“ጓድ…” አልኩ፣ “ሲያዩት ግራ ነው። ሲነኩት ቀኝ ነው።”

ከዚያ የእንግዳው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተቆጣ ስል… ለካ እየሳቀ ነው! “እናቴ” አለ እንባውን እየጠረገ፣ “እናቴ በግራ እጄ ስበላ ካየች በማማሰያ ነበር የምትለኝ!” እሱ ሲስቅ ሕዝቡ ሳቀ፤ ሕዝቡ ሲስቅ ጓድ ደምሰውም፣ ይፈቀድ አይፈቀድ ዙሪያውን ካየ በኋላ፣ ሳቀ።

“ደጅሽ አሁን የት ነው፣ እናቴ?” አላቸው እንግዳው ሳቁ ሲበርድ።

አዴ ረህመት በአገጫቸው ወደ ዳገቱ ጠቆሙ። “ድሮ እዚያ። አሁን እዚህ ብቻ ነው።”

እንግዳው መዳፉን ሳያነሣ ቆየ። “ይሞቃል” አለ ቆይቶ። ፀሐይ ስላረፈበት ነው እንበል። ንግግሩን ሳያነብ ቀረ። ሕዝቡ ሰልፉን አፍርሶ የየራሱን መዳፍ ፍለጋ ተራወጠ፤ ባለጋሪው ፈረሱን እየሳበ ወደ ኋላ በኩል ዞረ።

ሁሉም ሲበተን አዴ ረህመት መጡብኝ።

“ያንተስ የታለ?”

“አላተምኩም፣ አዴ። ሲሚንቶውም አለቀ። ደግሞ እኔ እዚህ መሬት የለኝም፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ።”

“አዲስ አበባ አፈር የለም?”

“እኛ ሰፈር አስፋልት ነው።”

“ያ ረቢ!” አሉ ጉንጫቸውን ይዘው። ዘመድ የሞተብኝ ይመስል እጄን እየደባበሱ አጽናኑኝ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን የተቋጠረ ጨርቅ ይዘው ቤቴ መጡ። ከድሮው ደጃቸው ዳገቱን ወጥተው የዘገኑት ጥቁር አፈር ነው። “ይኸው፣ ከእንግዲህ አገር የለኝም እንዳትል” ብለው ሄዱ። እኔም ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሬ ነጭ ሽንኩርት ተከልኩበትና መስኮቴ ላይ አስቀመጥኩት። መሬት ሁሉ በአዋጅ የመንግሥት በሆነበት አገር፣ እኔ በቆርቆሮ ሙሉ ባለርስት!

ከቀናት በኋላ ጓድ ደምሰው ቤቴ ሊጠይቀኝ ገባ። ዐይኑ መስኮቱ ላይ ተተከለ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“መሬቴ ነው፤ አዴ ረህመት ናቸው የሰጡኝ።”

በሳቅ ፈነዳ። “የገበሬ ማኅበር አባል ሆነሃላ! ትራክተር እንላክልህ?” እያለ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። እሱም እንደ እኔ በምደባ የመጣ ሰው ነው፤ ከየት እንደመጣ ነግሮኝ አያውቅም፣ ጠይቄውም አላውቅ።

ሳቁን ሲጨርስ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። ጎንበስ ብሎ አፈሩን አሸተተው። ከዚያ በሩን ገልመጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

“ለእኔስ… ይሰጡኝ ይመስልሃል?”