ቦስ ወደ አገሩ ሲገባ

ቃልም እንደ ሰው ይሰደዳል። ልዩነቱ፣ ቃል ጠረፍ ላይ አሻራ አይሰጥም፤ «ለምን መጣህ?» ብሎ የሚያፋጥጠውም የለም። ካገሩ በአንድ ሥራ ይወጣና ሰው አገር ሌላ ሥራ ይዞ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ ወልዶ ከብዶ ይኖራል። ይህን የምለው ሊቅ ሆኜ አይደለም። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ሆላንድ ውስጥ ፈቃድ ስጠባበቅ ጊዜ ተርፎኝ ነው። ሥራ ያጣ ሰው ወይ ይጣላል ወይ ይፈላሰፋል። ለጠቡ ደግሞ ቋንቋው አልነበረኝም።

እስቲ «ቦስ»ን እንያዝ። አዲስ አበባ ሳለን ቦስን የማያውቅ አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቦስ ነው፤ የጋራዡ ባለቤት ቦስ ነው፤ ሊስትሮው ጫማዎን እስኪጠርግ ድረስ እርስዎም ቦስ ነዎት። እንግሊዝኛ ስለሆነ ከ«አለቃ» ይልቅ ሽቶ የተቀባ ይመስለናል። «አለቃዬ ጠራኝ» ያለ ሰው ሊገሠጽ ነው የሚሄደው፤ «ቦሴ ጠራኝ» ያለው ግን ዕድገት ሳያገኝ አይመለስም።

አንድ ቀን ታዲያ አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት በሚባለው ሰፈር፣ ከፎቃችን ሥር ባለው መናፈሻ አንዲት አሮጊት ብቻውን የሚንጎራደድ ውሻ ላይ ጎንበስ ብለው «ባስህ የት አለ?» ሲሉት ሰማሁ። መጀመሪያ አውቶቡስ ያመለጠው መሰለኝ። ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ብገልጥ፣ «ባስ» በሆላንድኛ አለቃ ማለት ነው። ቅር አለኝ፤ አልዋሽም። እኔ የሥራ ፈቃድ ሳላገኝ ውሻው አለቃ አለው! ለካስ የውሻ ባለቤትም ባስ ይባላል። እኛስ የውሻውን ባለቤት «ጌታው» እንል የለ?

ፈቃዱ መጣና ስኪፖል አውሮፕላን ጣቢያ በጽዳት ተቀጠርኩ። ጋሼ ታደሰን ያወቅኋቸው እዚያ ነው፤ ጎረቤቴም ሆነው ተገኙ። አገር ቤት የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተጠባባቂ ኃላፊ ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ተጠባበቁ፤ ሹመቱ ሳይጸድቅ መንግሥት ተለወጠ። ስኪፖልም የገቡት በስድስት ወር ውል ነው፤ አሁንም ተጠባባቂ ናቸው ማለት ነው። የአሁኑ ግን የዋዛ አልነበረም። ባለቤታቸውን እትዬ ዘነበችን ከአዲስ አበባ ለማምጣት ቋሚ የሥራ ውል አምጡ ተብለዋል። እትዬ ዘነበች በየወሩ ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ይልካሉ። ጋሼ ትራም ውስጥ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «እሺ፤ ኧረ እሺ፤ ምን ላድርግ ታዲያ!» ሲሉ ተሳፋሪው ወንበር ይለቅላቸው ነበር። ያ ዘመን ሲናፍቀኝ፣ የሚናፍቀኝ የእሳቸው «እሺ» ነው።

ቋሚውን ውል የሚፈርመው ተቆጣጣሪያችን ኬስ ነው። ሠላሳ ያልሞላው፣ ጠረጴዛው ላይ የውሻውን ፎቶ ያቆመ ደግ ልጅ። ጋሼ እሱ ባለፈ ቁጥር መወልወያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ቀጥ ይሉና «ቦስ!» ይላሉ። ኬስ ፊቱ ቲማቲም ይመስላል።

«ኬስ በለኝ» ይላል።

«ቦስ ኬስ!» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ስሙን ይጥሩለት እንጂ» ብላቸው፣

«ኧረ ወዲያ! አለቃን በባዶ ስሙ? አብሬው ብይ ተጫውቻለሁ?» አሉኝ።

ውሉ ሊያልቅ ሲል ኬስ ጠራንና ቅጽ ዘረጋ። እስከዚያ ቋንቋውን ስለለመድኩ አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

«ሥራው አንደኛ ነው» አለ ኬስ። «የቸገረችኝ ይህች ጥያቄ ናት፤ ያለ አለቃ፣ ራሱን ችሎ ይሠራል ወይ? ቦስ፣ ቦስ እያለኝ ‹አዎ› ብዬ እንዴት ልጻፍ? ባስ ያለው ውሻዬ ነው። ታደሰ የሥራ ባልደረባዬ ነው።»

እኔም ለትርጉም ታማኝ ሰው ነኝና፣ «እርስዎ ውሻ አይደሉም ይላል» አልኳቸው።

ጋሼ ብድግ አሉ። «መቼ ነኝ አልኩት?»

«ደግሞ ያለ አለቃ ይሠራሉ ወይ ይላል።»

«ያለ አለቃ? ዋልጌ መሰልኩት?»

«ምን አለ?» አለ ኬስ።

«እያሰቡበት ነው» አልኩ።

ኬስ ቅጹን አጠፈ። እስከ ሰኞ ስሜን መጥራት ይለማመድ፤ አለዚያ መፈረም ይከብደኛል አለ። ጋሼ ያን ዕለት ትራም ውስጥ ካሴቱንም አልከፈቱ።

ቅዳሜ በባቡር ዘ ሄግ ሄጄ፣ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ፣ ጡብ የሚያህል የቃላት አመጣጥ መጽሐፍ አስወረድኩ። ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ያ ሽቶ የተቀባው ቦሳችን እንግሊዝ አይደለም! ከዚሁ ከሆላንድ በመርከብ አሜሪካ የተሻገረ ስደተኛ ነው። እዚያ ያሉት ሠራተኞች «ጌታዬ» ማለት የባሪያ ወግ ነው ብለው ስለተጠየፉ፣ ለክብራቸው ሲሉ «ቦስ»ን አነሡት። ጎንበስ ላለማለት የተያዘ ቃል እኛ ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ ብለን ተቀበልነው። በመጨረሻም ጋሼ ታደሰ ተሸክመው ለባለአገሮቹ መለሱላቸው፤ እነሱ ደግሞ ለውሻ ሰጥተውት ኖሯል። አንዳንድ ሊቃውንት ቃሉ ሲጀመር «አጎት» ማለት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ ሌሎቹ አያምኑም። እኔ አመንኩ። ሰኞ ደርሶብኛላ!

ሰኞ ይህንኑ ለኬስ ነገርኩት። ራሱን አከከ።

«አንተ እሱን ምን ብለህ ነው የምትጠራው?»

«ጋሼ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ታላቅ ወንድም፤ ሲያስፈልግ አጎት። ውሻ የለበትም።»

ኬስ ሳቀ። «እንግዲያው እሱ ጋሼ ይበለኝ፤ እኔም ጋሼ እለዋለሁ። እኩል ሆንን።»

ተረጎምኩ።

«የልጄን እኩያ ጋሼ?» አሉ ጋሼ። እጃቸው ኪሳቸው ገብቶ ካሴቱን ዳበሰ። ከዚያ ተነሥተው የቱታቸውን ቁልፍ እስከ አንገት ቆለፉ።

«ጋሼ ኬስ» አሉ፤ እጅ ነሥተው።

ኬስ ፈረመ።

እትዬ ዘነበች በዓመቱ መጡ። ካሴቱ ቀረ፤ «እሺ»ው ቀጠለ። አንድ የበጋ ወራት ጋሼ ኬስ ለዕረፍት ሲሄድ ውሻውን ለጋሼ ታደሰ አደራ ሰጠ። እትዬ ዘነበች «ውሻ ከነጌታው ይከበራል፤ ቤት ግን አይገባም» ብለው በረንዳ ላይ አሳደሩት። በማግስቱ መናፈሻ ውስጥ አመለጣቸው። ደግነቱ እኚያ አሮጊት ያን ዕለትም እዚያው ነበሩ፤ ጎንበስ ብለው «ባስህ የት አለ?» አሉት።

ጋሼ ታደሰ ማሰሪያውን ይዘው እያለከለኩ ደረሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ግማሹን በሆላንድኛ ግማሹን በአማርኛ፣ እንደ ድሮ ቢሯቸው ቀጥ ብለው መለሱ፦

«ባሱ ጋሼ ኬስ ናቸው። እኔ ተጠባባቂው ነኝ።»