ፀጉር አስተካካዩ እጅጉ ለእህቱ ሠርግ ዘፈን ሊያወርድ እንደ ዘመተ

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ኢሕአዴግ በአገሩ ላይ፣ ሚሞሪ ካርድም በካሴት ዙፋን ላይ በተቀመጡበት ዘመን፣ በወርኃ ጥር፣ ይህ ዜና በፍኖተ ሰላም ከተማ ሆነ። በመናኸሪያው አጠገብ ባለች አንድ መስታወት ባላት ቤት የሚያስተዳድር፣ የጢም ሥርዐት አስከባሪ፣ የጠጉር ድንበር ቀያሽ የሆነ እጅጉ የሚባል ሰው ነበረ። እሱም ትሕትና የምትባል አንዲት እህት ነበረችው፤ ለእሑድ ሠርጓ ተቆርጦ፣ ድንኳኑ ተጥሎ፣ ጠላው ተጠምቆ ነበር።

አባታቸውም፣ ነፍሱን ይማርና፣ በሕይወቱ ሳለ ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት አንዲት ዘፈን ነበረች። ይህችውም የቡሬው ማሲንቆ መቺ ክንፈሚካኤል በጎልማሳነቱ በካሴት ያስቀረጻት፣ በክረምት ሙላት የብር ወንዝን ተሻግራ ስለ ተዳረች ልጅ የምታወሳ ነበረች። ካሴቲቱን ግን የቤቱ ቴፕ ጎርሶ አንጀቷን ካወጣው ዓመታት አልፈው ነበር። ትሕትናም ወንድሟን ከሥራ ቦታው መጥታ፣ ልብስም ጌጥም አልጠይቅህም፣ ከቤት ስወጣ ያቺ ዘፈን ትሰማ፣ አባታችን በር ላይ የቆመ ይመስለኛል አለችው። እጅጉም ይህን በሰማ ጊዜ እንባው እንዳይታወቅበት ጎንበስ ብሎ የደንበኛውን አንገት በአልኮል አብዝቶ ጠራረገ፤ ደንበኛውም በሁለቱ ፋንታ አለቀሰ።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ እጅጉ የከተማውን ሙዚቃ ቤቶች ሁሉ ዞረ፤ ሁሉም አዲሱን እንጂ የጥንቱን አናውቅም አሉት። በዚያን ጊዜ እጅጉ መቀሱን አስቀምጦ በደጃፉ ቆመና እንዲህ ብሎ ዐወጀ፦ «ዘፈኒቱን ከኢንተርኔት አወርዳታለሁ። የሚከተለኝ ይከተለኝ፤ ጢሙ ግማሽ የቀረበትም ይታገሠኝ።»

የተከተሉትም እነዚህ ናቸው፦ አንገቱ ላይ ፎጣ እንደ ተጠመጠመ፣ ቀኝ ጉንጩ ተላጭቶ ግራው ያልተላጨው አንዷለም፤ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ፤ የደምበጫ አውቶቡስ ያመለጠው አንድ መንገደኛ፤ ደግሞም ለእረፍት የመጣ የሕግ ተማሪ፣ ቴዎፍሎስ የሚባል፣ ባልተጠየቀበት ነገር ሁሉ መልስ ያለው። እነዚህ ሁሉ ተሰልፈው ባምላኩ ወደሚባለው ሰው ኢንተርኔት ቤት ገቡ፤ ወንበር ስላልበቃም ከጀግናው ኋላ ቆሙ።

በዚያም ብርቱ ውጊያ ሆነ። እጅጉ የዘፋኙን ስም በጻፈ ጊዜ ገጾች እንደ አንበጣ ተነሡበት። በየገጹም «በነጻ አውርድ» የሚሉ ትልልቅ አረንጓዴ በሮች ነበሩ፤ አንዱን ቢነካው መኪና አሸንፈሃል አለው፣ ሁለተኛውን ቢነካው ኮምፒውተርህ ታሟል ብሎ አረዳው፣ ሦስተኛው ግን ራቁቷን የቀረች ሴት አመጣበት፤ ያን ጊዜ ተራ አስከባሪው ፊቱን በእጁ ሸፈነ፣ ጣቶቹን ግን አልገጠመም። ባምላኩም የብዙዎችን ውድቀት ያየ ነበርና፣ ትልቁን አረንጓዴ ተወው፣ ከሥሩ ያለችውን ቀጭን ጽሑፍ ንካ ብሎ መከረው። እንደ ተባለውም አደረገ፤ ዘፈኒቱም እንደ ቀንድ አውጣ እየተጎተተች መውረድ ጀመረች። ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት መብራት ሄደ። ማንም አልተነቃነቀም። መብራቱ በተመለሰ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረች፣ እነሱም አብረዋት ጀመሩ፤ በመጨረሻም ወርዳ ከእጅጉ ሚሞሪ ገባች። ወኮነ ፍሥሓ ዐቢይ፤ አንዷለምም በፎጣው አጨበጨበ።

በዚህ ደስታ መካከል ቴዎፍሎስ ድምፁን ጠርጎ ተነሣና በዘጠና ስድስት ስለ ወጣው የቅጅ መብት አዋጅ ነገራቸው፦ «በነጻ ተገኘ ማለት ተፈቀደ ማለት አይደለም። ለብቻህ ብትሰማው ሕጉ ዝም ይልህ ይሆናል፣ እሱን ገና እያጠናሁት ነው። በድንኳን በድምፅ ማጉያ ለሕዝብ ስታሰማው ግን የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልግሃል።»

ጉባኤውም ተከፈለ። አንዷለም ድንኳን ለድንኳን እየዞረ የሚመረምር ማን አለ አለ፤ መንገደኛውም በደምበጫ ሁሉም ሰው ሳይጠይቅ ዘፈን በስልኩ እንደሚጭን መሰከረ፤ ባምላኩ ደግሞ እንጀራው ነውና ወደ ጣራው ተመለከተ። እውነቱን ለመናገር የእጅጉም ልብ ወደ እነዚህ አዘንብሎ ነበር። ነገሩ ትሕትና ዘንድ በደረሰ ጊዜ ግን ሙሽሪት ፍርድ ሰጠች፦ «አባታችን የሰው እሸት ሳይጠይቅ ቀጥፎ አያውቅም። በእሱ ስም የሚሰማው ተጠይቆ ይሁን፤ ካልሆነ ይቅር።»

የዘፈኑን ባለቤት ግን ማን ያውቀዋል፣ ሞቶም እንደሆነ ሲሉ፣ ባምላኩ ጣራውን ማየት ትቶ፣ ሰውየው አለ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ያርሳል፣ በርበሬ ሲሸጥ ገበያ ላይ አይቼዋለሁ አላቸው።

እጅጉም በሠርጉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ በማለዳ፣ ሙሽራው ራሱ ሊላጭ የተቀጠረበትን ቤት ዘግቶ፣ ቴዎፍሎስን የሕግ አማካሪ አድርጎ በሚኒባስ ተሳፈረ። ማንኩሳን አልፈው ቡሬ ደረሱ፤ ከዚያም እየጠየቁ በእግር ሄደው አንድ ሽማግሌ በደጁ ያሰጣውን በርበሬ ሲገላብጥ አገኙ። ሊያስታውቁ አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ የበርበሬው ብናኝ ጦር ሆኖ ተቀበላቸው፤ እጅጉ ሰላምታውን በማስነጠስ ቆራረጠ፤ ቴዎፍሎስ ግን በእንባ ታጥቦ «በአዋጁ መሠረት» ብሎ ጀመረ። ሽማግሌውም አዋጅ የሚለውን በሰማ ጊዜ ደንግጦ የመሬት ግብሩን መክፈሉን በጎረቤት ያስመሰክር ዘንድ ተጣራ።

እጅጉም ክርክሩን ትቶ ስልኩን አወጣና ዘፈኒቱን ከፈታት። ማሲንቆው ጮኸ፣ የጎልማሳ ድምፅም ከበርበሬው በላይ ተነሣ። ሽማግሌው ክንፈሚካኤል መገልበጫውን እንደ ያዘ ቆመ። ካሴቱ ከእጁ ከጠፋ ወዲህ ያን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም ነበር። ጥቂት ሰምቶም ጠየቀ።

«ይህ ልጅ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ አያ ክንፌ» አለው እጅጉ።

እሱም በጆንያው ላይ ተቀመጠ፤ ድገመው አለ፤ ደገሙለትም። እጅጉም ስለ አባቱና ስለ እህቱ ሁሉን ነገረው። ሽማግሌውም፣ እኔ እኮ ያቺን ዘፈን ብር ወሰዳት ብዬ ትቻት ነበር አለ፤ ቴዎፍሎስም ወንዙን ይሁን ገንዘቡን መለየት አልቻለም፣ ተናጋሪውም አልፈታለትም። ቀጥሎም፣ በቀረጻው ጊዜ ካሴቱ ስላለቀ የመጨረሻዋ ስንኝ እንደ ተቆረጠች፣ እሷም ከወንዙ ወዲህ ቆሞ ልጁን የሚሸኘውን አባት የምታነሣ እንደ ሆነች ነገራቸው። ከዚያም ተነሥቶ በበርበሬው መካከል እንዲህ ብሎ ዐወጀ፦ «እኔ ባለቤቱ ፈቅጃለሁ። ግን ጎደሎ አላሰማም፤ ራሴ መጥቼ እሞላዋለሁ።»

እሑድም ትሕትና ከቤት ስትወጣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ነጭ ለብሶ፣ ማሲንቆውን ይዞ፣ ክንፈሚካኤል ቆሞ ነበር። ድምፁ እንደ ጎልማሳነቱ አልነበረም፤ በመካከሉም ትንፋሽ ያጥረው ነበር። ወደ መጨረሻዋ ስንኝ በደረሰ ጊዜ ግን፣ አባት ከወንዙ ዳር ልጁን ሲመርቅ፣ ሙሽሪት በደጃፉ ላይ ቆመች፤ ወደ ባዶው የበሩ መቃን ዘወር ብላም ራሷን ዝቅ አደረገች፣ እንደሚሰናበት ሰው። እጅጉም በዚያ ቀን የሚያጎነብስበት አንገት ስላልነበረው በሰው ሁሉ ፊት አለቀሰ።

ያን ጊዜ በድንኳኑ ያሉት ሁሉ ስልካቸውን አነሡ፤ ቴዎፍሎስም እጁን ዘርግቶ ከለከላቸውና ወደ ሽማግሌው ተመለከተ። እሱም ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ «ቅዱ» አለ፤ «ለሰው ስታሰሙም ስሜን ጥሩ።»

ስለዚህም እኔ ጸሐፊው እጅጉን አመሰግናለሁ፦ ለመብራት መጥፋት ያልተበገረ፣ በሦስት አረንጓዴ በር ተታልሎ ያልተመለሰ፣ የሙሽራን ጢም ለእውነት ሲል ያሳደረ። በዚያ ዘመን በጎጃም ምድር፣ ከአዴት እስከ ቡሬ፣ ዘፈን ያወረደ ብዙ ነው፤ ዘፋኙን ራሱን ከነማሲንቆው ከደጋ ያወረደ ግን እጅጉ ብቻ ነው።