መቶ ከመቶ ያገኘው የቧንቧ ትምህርት

ጥራት ቀድሞ ባለቤት አልነበረውም፤ በየሠራተኛው እጅ ላይ ተበትኖ ነበር የሚኖረው። እግዜር ይስጠውና፣ ሰብስቦ አርባ ሁለት መስፈርት ባለው ቅጽ ውስጥ ያስገባው የማሠልጠኛ ተቋሙ የኦንላይን ኮርሶች ጥራት ገምጋሚ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ሰባት አባላት አሉት። የሰባቱም የቧንቧ እውቀት እጅ ከመታጠብ አያልፍም፤ ይህም የቧንቧን ኮርስ ያለ አድልዎ ለመመዘን ብቁ እንደሚያደርጋቸው በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል።

እዚህ ጉባኤ ፊት ነው ጋሼ ቧንቧ የቀረቡት። ሠላሳ ዓመት በየሰው ማጠቢያ ሥር ሲንበረከኩ ኖረው ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲል፣ የሚያውቁት ነገር አብሯቸው እንዳይቀበር ሰጉ። ባለቤታቸው ስልክ ይዘው፣ እሳቸው የገዛ ቤታቸውን ቧንቧ እየፈቱ፣ አሥራ አንድ ቪዲዮ ቀረጹ። ተቋሙም ድረ ገጹ ላይ ጫነላቸው። የመጀመሪያዋ ተማሪያቸው የተቋሙ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። "ጋሼ፣ የኛ ሕንፃ ዋና የውኃ መዝጊያ የት ነው? አንድ ቀን ቢፈነዳስ?" ብላ ብትጠይቃቸው፣ እያነከሱ መጥተው ከደረጃው ሥር ያለውን የዛገ መዝጊያ እያሳዩ አሥራ ሁለተኛ ቪዲዮ ጨመሩላት። "በጉልበት አትጠምዝዙት" ይላሉ እዚያ ላይ፤ "ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ እያላችሁ አባብሉት። አኩራፊ ነው።"

ኮሚቴው ይህን ሁሉ መዝኖ ሠላሳ አንድ ከመቶ ሰጣቸው።

"ምኑ ጎደለ ልጄ?" አሉ ጋሼ ቧንቧ።

"የእንኳን ደህና መጡ መልእክት የለውም" አለ ሰብሳቢው።

"ቤቱ ውኃ የገባበት ሰው ሰላምታ አይጠብቅም ብዬ ነው።"

"የትምህርቱ ዓላማ ላይም 'ሠልጣኞች ውኃ ይዘጋሉ' ብለዋል። በተፈቀዱት ግሦች ዝርዝር ውስጥ ያሉት 'ይገነዘባሉ' እና 'ይተነትናሉ' ናቸው። 'ይዘጋሉ' የለም።"

"ውኃው ግን መዘጋት አለበት።"

"እሱ የይዘት ጉዳይ ነው። እኛ የምናየው ጥራትን ነው።"

"ለመሆኑ ቪዲዮዎቹን አይታችኋቸዋል?"

ሰባቱም ቅጻቸውን አገላበጡ። "ማየት" አለ ሰብሳቢው በመጨረሻ፣ "ከአርባ ሁለቱ መስፈርቶች ውስጥ አልተካተተም።"

ኮርሱ በአንድ ወር ውስጥ ካልተሻሻለ ከድረ ገጹ እንዲወርድ አቅጣጫ ተቀመጠ። ጋሼ ቧንቧ ደነገጡ። ጨርሶ ከሚጠፋ ይስተካከል ብለው ሰላምታ ጨመሩ፤ ሃምሳ አራት ደረሱ። ግሦቹን ቀየሩ፤ ስልሳ ስምንት። ሦስቱ ቪዲዮዎች ላይ የባለቤታቸው ጥላ ይታያል ተባለ፤ ሲያወጧቸው ሰባ ዘጠኝ ሆነ። አምስቱ ላይ እጃቸው ቆሽሿል፤ እነሱም ወጥተው ሰማንያ ስምንት ገቡ። ለጽዳት ሠራተኛዋ የተቀረጸው ደግሞ አንዲትን ተማሪ ብቻ የጠቀመ በመሆኑ የእኩልነትን መስፈርት የሚጥስ ሆኖ ተገኘ። እሱ ሲነሳ ዘጠና አምስት። በቀሩት ሦስቱ ውስጥ ውኃ ሲንጠባጠብ ስለሚሰማ የድምፅ ጥራት ጎደላቸው። ሦስቱም ተነሱና ኮርሱ መቶ ከመቶ አገኘ።

ባለቤታቸው ኮርሱን ከፍተው ቢፈልጉ ቢፈልጉ ሰላምታ፣ ዓላማ፣ እጃቸው የጸዳ፣ ፈገግ ያሉ ሰዎች ፎቶና ምስጋና ብቻ አገኙ።

"ቧንቧው የታለ?"

"ለጥራት ሲባል ተነሳ" አሉ ጋሼ ቧንቧ፣ ቀና ብለው ሳያዩዋቸው። አፍረው ነበር።

ሁለት መቶ ሠልጣኞች ኮርሱን አጠናቀቁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚሉ ኋላ ቀሮች አልጠፉም፤ ተቋሙ ግን ጥምጣሙን በምስክር ወረቀት መልክ አዘጋጅቶ ሁሉንም ለምረቃ ወደ ሕንፃው አዳራሽ ጠራ። ሰብሳቢው የንግግሩን ሦስተኛ ገጽ ሳይገልጥ ከጣሪያው በላይ ቧንቧ ፈነዳና ውኃው መድረኩ ላይ ወረደ።

"ከተመራቂዎቹ የሚዘጋ የለም?" ብሎ ጮኸ፣ የንግግሩን ወረቀት አናቱ ላይ ደፍቶ።

አንደኛ የወጣው ተመራቂ በክብር ተነሳ። "ክቡር ሰብሳቢ፣ እኛ እንገነዘባለን እንጂ አንዘጋም።"

ከተጋባዦቹ መሀል የተቀመጡት ጋሼ ቧንቧ ለመነሳት ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እንቢ አለ። ወንበር ለወንበር እየተደገፉ እንደምንም በሩ ጋ ሲደርሱ ውኃው ቆመ። የጽዳት ሠራተኛዋ እጇ በዝገት ተለውሶ ከደረጃው ሥር ወጣች።

"አባበልኩት ጋሼ" አለቻቸው።

ጋሼ ቧንቧ ሰው እያያቸው አለቀሱ። ደስ ብሏቸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኮሚቴው እዚያው አዳራሽ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ጋሼ ቧንቧ መፍቻቸውን ይዘው የፈነዳውን ሊጠግኑ ቢመጡም፣ ከጥገና ግምገማ ይቀድማልና በር ላይ እንዲጠብቁ ተነገራቸው። ኮሚቴው በቅድሚያ ውኃው ሊቆም የቻለው በኮርሱ የላቀ ጥራት መሆኑን በአድናቆት መዘገበ። ቀጥሎ የጽዳት ሠራተኛዋን በቅጹ መዘናት። ምዝገባ የላትም፤ የምስክር ወረቀት የላትም፤ እንድትዘጋም ሥልጣን የሰጣት የለም። ዜሮ አገኘች። ከማስጠንቀቂያ ጋርም "ያለ ፈቃድ የዘጉትን መዝጊያ በአስቸኳይ ወደ ነበረበት እንዲመልሱ በጥብቅ እናሳስባለን" የሚል ደብዳቤ ወጣላት። ሰባቱም ፈረሙና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሸጋገሩ።

ደብዳቤውን ይዛ ጋሼ ቧንቧ ጋ ሄደች። "አሁን ምን ላድርግ ጋሼ?"

መነጽራቸውን አጥልቀው ሁለት ጊዜ አነበቡት። በበሩ ክፍተት ወደ ውስጥ አዩ፤ ሰባቱም ከፈነዳው ቧንቧ ሥር ቅጻቸውን ዘርግተው ተደርድረዋል።

"ትእዛዝ ነው ልጄ፣ ሰባት ሰው ፈርሞበታል" አሉ። "የሚከፈተው ወደ ግራ ነው። አሁን እንኳ ማባበል አያስፈልገውም።"